ቱመር ቦርድ ምንድን ነው?

የባዮፕሲው ውጤት ወጣ። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዙሪያዋ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፦ ቶሎ ይውጣ! እሷም ትለዋለች፣ እህቷም ትለዋለች፣ ለማጽናናት የደወለውም ሁሉ ይለዋል። አይፈረድባቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ሰውነት ውስጥ ይዞ አንድ ሌሊት ማደርም ይጨንቃል። ግን የጡት ካንሰር ላይ "መቼ ኦፕራሲዮን ልሁን?" ከሚለው የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከምኑ ይጀመር? ቀዶ ሕክምናው ነው የሚቀድመው ወይስ መድኃኒቱ? ይህን አንድ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ብቻውን በደንብ አይመልሰውም።

ቱመር ቦርድ የሚባለው ይህ ጥያቄ የሚመለስበት ስብሰባ ነው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚያዘው ኦንኮሎጂስት፣ የጨረር ሐኪሙ፣ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስትና የካንሰር ነርሷ በተወሰነ ቀን፣ ብዙ ቦታ በሳምንት አንዴ፣ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ማሞግራሙ (የጡቱ ራጅ) ስክሪን ላይ ይወጣል፤ የናሙናው ውጤት ይነበባል። ይከራከራሉም። የተስማሙበት እቅድ የታካሚዋ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ስሙ ትንሽ ያስደነግጣል፤ ግን "ጉዳይሽ ቦርድ ይቀርባል" ማለት "በሽታሽ ከብዷል" ማለት አይደለም። ቀላል የሚመስለውም ቢሆን መቅረብ አለበት።

ታካሚዋ ራሷ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር እንለይ። በቡድን መታከም ማለት ብዙ ሐኪም ማየት ማለት አይደለም። አንዱ ዘንድ ሄዳ፣ እሱ ወረቀት ጽፎ ወደ ሌላው ልኳት፣ ያኛው ደግሞ ወደ ሦስተኛው የመራት ሴት አምስት ሐኪም አይታ ሊሆን ይችላል። ቡድን ግን የላትም፣ ወረቀት የምታመላልሰው እሷ ናት። ዋናው ጉዳይ ሐኪሞቹ የሚነጋገሩት የመጀመሪያው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። በኋላ ከሆነ የተቆረጠው ተቆርጧል።

ለምን እንዲህ እንደምል የሚገባችሁ ፓቶሎጂስቱ የሚያየውን ስታዩ ነው። የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው አንድ ዓይነት አይደለም። በመርፌ የተወሰደችው ቀጭን የሥጋ ክር ሰም ውስጥ ተቀብራ፣ በስሱ ተከትፋ፣ ቀለም ተነክራ መስታወት ላይ ትቀመጣለች። ሴሎቹ ላይ ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባይና ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን። የሆርሞን ተቀባይ ካለው ሆርሞኑን የሚዘጋ መድኃኒት ይሠራለታል። ሄር-2 ከበዛበት እንደ ትራስቱዙማብ ያለ ለእሱ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለው። ሦስቱም ከሌሉበት ትሪፕል ኔጋቲቭ ይባላል፤ መንገዱም ሌላ ነው።

ሄር-2 የሚሰጠው ውጤት ከ0 እስከ 3 ነው። 3 ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፤ 0 እና 1 ከሆነ አልበዛም። 2 ሲሆን ግን ገና አልተወሰነም፣ ጂኑን የሚያይ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። ወረቀቱን ብቻ በችኮላ የሚያነብ ሰው 2ን አይቶ "አለ" ወይም "የለም" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስብሰባው ላይ ግን ፓቶሎጂስቱ ፊት ለፊት ተቀምጧልና "ቆዩ፣ ይሄ ገና አላለቀም" ይላል።

አሁን አንዲት ሴት እንውሰድ። ዕጢዋ 3 ሳንቲሜትር ነው፣ ሄር-2 በዝቶበታል። መጀመሪያ ያገኘችው ቀዶ ሐኪም ብቻውን ቢወስን በሚቀጥለው ሳምንት ሊያወጣላት ይችላል፣ እሷም ደስ ይላታል። ቡድኑ ግን እንዲህ ላለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ያስቀድማል። አንደኛ፣ ዕጢው ስለሚያንስ ጡቷ በሙሉ ሳይቆረጥ ሊተርፍ ይችላል። ሁለተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በዓይን መታየቱ ነው። ከኬሞው፣ ማለትም ካንሰሩን ከሚገድለው መድኃኒት፣ በኋላ ኦፕራሲዮን ስትሆን ከወጣው ሥጋ ውስጥ ሕይወት ያለው ካንሰር ከተገኘ የሚቀጥለው መድኃኒት ይቀየራል። ዕጢው መጀመሪያውኑ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚነግራቸው ነገር አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ጣጣ አለ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ጎበዝ ነው። ከወራት በኋላ ማሞግራም ሲነሳ ዕጢው የለም፣ በእጅም አይዳሰስም። ደስታ ነው፤ ግን ቀዶ ሐኪሙ የቱን ያውጣ? ዕጢው የነበረበት ቦታ መውጣትና መመርመር አለበት፣ ቦታው ደግሞ ጠፍቷል። ለዚህ ሲባል ራዲዮሎጂስቱ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ወይም ገና በመጀመሪያው ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የብረት ምልክት በመርፌ ዕጢው መሃል ያስቀምጣል። በኋላ ማሞግራሙ ላይ የምትታየው እሷው ብቻ ናት፣ ነጭ ነጥብ። ቀዶ ሐኪሙ እሷን ተከትሎ ይገባል።

እስቲ አስቡት። ኬሞውን የሚጀምረው ኦንኮሎጂስቱ ነው። ምልክቷን የሚያስቀምጠው ራዲዮሎጂስቱ ነው። የምታስፈልገው ደግሞ ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ለቀዶ ሐኪሙ ነው። ሦስቱ ካልተነጋገሩ ማንም የራሱን ሥራ ሳያበላሽ ምልክቷ ሳትቀመጥ ትቀራለች። በቡድን መታከም ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ይህችን የሰሊጥ ፍሬ ነው የማሳየው።

ሌላም አለ። ጡቷ በሙሉ የሚወጣ ከሆነና ወዲያው ሰው ሠራሽ ጡት እንዲገባላት ከፈለገች፣ ፕላስቲክ ሰርጀኑ "ከዚህ በኋላ ጨረር አላት?" ብሎ ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ጨረር በዚያ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሊያጠነክረውና ሊያኮማትረው ይችላልና። በተቃራኒው፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ ካንሰር ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡትን በሙሉ ከመቁረጥ ጋር በሕይወት በመቆየት በኩል እኩል መሆኑን፣ ሴቶቹን 20 ዓመት ተከታትለው በ2002 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ጨረሩን መውሰድ ለምትችል ሴት ነው። ከዚህ በፊት ያው ደረቷ ላይ ጨረር ወስዳ ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆነች፣ ነገሩ ይቀየራል። ይህን ቀዶ ሐኪሙ ከጨረር ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ሳይደረግ ነው መስማት ያለበት።

ከኬሞ በፊት መነሳት ያለባቸው ነገሮችም አሉ፣ ባጭሩ ልለፋቸው። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ ከሆነ እንቁላሏን ማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ኬሞው ከተጀመረ በኋላ ቢታወስ ብዙም ዋጋ የለውም። ትራስቱዙማብ የምትወስድ ከሆነ ልቧ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ በየጊዜውም ይደገማል። በቤተሰቧ ተመሳሳይ ካንሰር ካለ የዘር ምርመራው ውጤት የኦፕራሲዮኑን ዓይነት ራሱ ሊያስቀይር ይችላል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል፣ በእውነት ሰው ያድናል ወይ? ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎውና አካባቢዋ በ1995 የጡት ካንሰርን በቡድን ማከም ጀመሩ፤ አጎራባቾቹ አካባቢዎች ያን ጊዜ ገና አልጀመሩም። በ2012 የወጣ ጥናት የ13,722 ሴቶችን መረጃ አወዳደረ። ከለውጡ በፊት ግላስጎው አካባቢ በጡት ካንሰር የመሞት መጠን ከጎረቤቶቹ በ11 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከለውጡ በኋላ ግን ከጎረቤቶቹ በ18 በመቶ ያነሰ ሆነ። እርግጥ ነው፣ በዚያው ጊዜ ሌሎች ነገሮችም አብረው ተቀይረው ሊሆን ይችላል፣ ጥናቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ቢሆንም ከባሰው ወደ ተሻለው እንዲህ መገልበጥ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ግን ስብሰባ ብቻውን ማንንም አላዳነም። እቅዱ ተጽፎ ታካሚዋ ቀጠሮውን ካላወቀችው፣ ወይ መሄጃ ካጣች፣ ወይ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷት እቤት ከቀረች ቦርዱ ለግድግዳ ነው የተሰበሰበው። ቀዶ ሐኪሙ ሃሮልድ ፍሪማን ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ደሃ ሴቶች ካንሰሩ ከገፋ በኋላ ሲመጡ እያየ በ1990 አንድ ነገር ጀመረ፦ ታካሚዋን ከምርመራው እስከ ሕክምናው እየመራ የሚያደርስ ሰው መመደብ። ይህች መሪ ቀጠሮ ታስይዛለች፣ ወረቀት ታስጨርሳለች፣ የቀረችውን ደውላ ትፈልጋለች። ዛሬ ብዙ ቦታ ይህን የምትሠራው የካንሰር ነርሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም ምርመራው ታካሚዋ መጀመሪያ ከመጣችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅና ሕክምና ከጀመሩት ቢያንስ 80 በመቶው እንዲጨርሱ የሚል ግብ አስቀምጧል። መጨረስ የሚለውን ልብ በሉ።

"ስብሰባ እየጠበቅሁ ካንሰሩ ይሰራጭብኝ?" የሚል ፍርሃት አለ። ናሙናው በደንብ እስኪመረመርና ሐኪሞቹ እስኪመካከሩ አንድ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ወራት ሲሆን ግን ነገር አለ። ቀጠሮው ያለ ምክንያት ከተንዛዛ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁ።

ወደ ያዝኩባችሁ ነገር ልመለስ። ታካሚዋ ክፍሉ ውስጥ የለችም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጡቷ እንጂ እሷ አይደለችም። ማንን እንደምታስታምም፣ ምን እንደምትሠራ፣ ጡቷ ሳይቆረጥ መትረፉ ይሻላታል ወይስ ጨረሩን አልፈልግም እንደምትል ምስሉ አይናገርም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለሚያውቃት ሐኪም ወይም ለነርሷ ብትነግር፣ ቢያንስ አንድ ሰው ስለ እሷ ይናገርላታል። የቦርዱ ውሳኔም ምክር ነው፣ እሺም እምቢም ማለት የእሷ ድርሻ ነው። በኋላ ደግሞ ትጠይቅ፦ ጉዳዬ ቱመር ቦርድ ቀርቧል? ማን ማን ነበር? የተለየ ሐሳብ የሰጠ አለ? ከዛሬ ጀምሮ ግራ ሲገባኝ የምደውለው ለማን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች የሚቀየም ሐኪም ካጋጠማት፣ እኔ ብሆን ሌላ ሐኪም አማክራለሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ከኬሞና ከጨረር በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ ነው። የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር የነበራት ሴት ሆርሞኑን የሚዘጋውን ታሞክሲፌን 5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ልትወስድ ትችላለች። በሦስተኛው ዓመት ቡድኑ ተበትኗል፣ ያን ስብሰባ የሚያስታውሰው የለም። ሙቀቱ ድንገት ግንፍል ይልባታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ድብርት ይዟታል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ትሄድና ፓሮክሲቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ይታዘዝላታል። ሐኪሙ አልተሳሳተም፣ ስለ ካንሰሩ የነገረው የለም። ግን ታሞክሲፌን በደንብ እንዲሠራ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም መለወጥ አለበት፣ ፓሮክሲቲን ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ይዘጋዋል። ፍሉኦክሲቲን የሚባለው ሌላው የድብርት መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው እነዚህን ከታሞክሲፌን ጋር አብሮ መስጠት የማይመከረው። ቬንላፋክሲን የሚባለው ግን ያን ኢንዛይም ብዙም አይነካውም፤ ግንፍል የሚለውንም ሙቀት ያበርዳል። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን የለም፣ የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም የራሱ ጣጣ አለው። ፋርማሲስቱ መስኮቱ ላይ "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብሎ ከጠየቃት፣ እሷም የታሞክሲፌኑን ስም ከጠራችለት፣ ስልኩን አንስቶ ያዘዘላትን ሐኪም ያናግረዋል።