የተገለጠ ምርጫ ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት እማዬን ተከትዬ ድሬዳዋ ውስጥ ወዳለው ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። የወጣነው ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። እማዬ በቲማቲም መደቦቹ መሃል ዋጋ እየጠየቀች ታልፋለች። አንዲት ልጅ በኪሎ 5 ብር ቀንሳ ትሸጣለች። እማዬ አመስግናት አለፈች። ጥግ ላይ ወደተቀመጡት፣ "አዴ" ብላ ወደምትጠራቸው ሴትዮ ሄዳ 2 ኪሎ በሙሉ ዋጋ ገዛች።

ይህን በሩቅ ቆሞ ያየ የኢኮኖሚክስ ሰው ምን ይላል? "ርካሹን መግዛት ስትችል ውዱን ገዛች። ስለዚህ ውዱን ትመርጣለች።" ምን አስባ ነው፣ ምን ተሰምቷት ነው ብሎ አይጠይቅም። የተገለጠ ምርጫ የሚባለው ሐሳብ ይኼ ነው። ሰው የሚፈልገውን ለማወቅ ልቡን መመርመር አያስፈልግም፣ ግዢውን ማየት ይበቃል።

ሐሳቡ ዝም ብሎ አልመጣም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ዊሊያም ጄቮንስ ያሉ የኢኮኖሚክስ ሰዎች ዋጋን ሲያብራሩ በቀጥታ ወደ ሰው ስሜት ይገቡ ነበር። እቃ ዋጋ የሚያገኘው ለገዢው ከሚሰጠው እርካታ ነው ይላሉ። ፍራንሲስ ኤጅዎርዝማ በ1881 ደስታን እንደ ቴርሞሜትር የሚለካ መሣሪያ በሐሳቡ ሥሏል። መሣሪያው ግን አልተገኘም። የእኔን ደስታ ከጎረቤቴ ደስታ ጋር በምን ሚዛን ላስተያይ?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሰው ፖል ሳሙኤልሰን በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ ጣጣ የሚያወጣ መንገድ አሳየ። ገና 22 ዓመቱ ነበር። "የተገለጠ ምርጫ" የሚለው ስም የመጣው ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። በሥነ ልቦናም ያኔ የነበረው መንፈስ ተመሳሳይ ነበር። ጆን ዋትሰን ከ1913 ጀምሮ የማይታየውን ስሜት ትተን የሚታየውን ባሕርይ እናጥና ሲል ቆይቷል።

ሳሙኤልሰን ከገዢው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዳይዋዥቅ። 100 ብር ይዤ ብርቱካንም ዘይቱን የሚባለውን ፍሬም መግዛት ስችል ብርቱካኑን ወሰድኩ እንበል። ነገ ብርቱካኑ አሁንም አቅሜ ውስጥ እያለ ዘይቱኑን ከገዛሁ ስሌቱ ይፋለሳል። ካልዋዠቅኩ ግን ልቤን ሳይነኩ ምርጫዬን በተራ መደርደር ይችላሉ።

እስኪ ወደ ቲማቲሙ እንመለስ። እማዬ የልጅቷ ቲማቲም እስከ ነገ ይበሰብሳል ብላ አስባ ሊሆን ይችላል። ያኔ የፈለገችው የሚቆይ ቲማቲም ነው። ወይም ሚዛኑን አላመነችው ይሆናል። ያኔ የፈለገችው ያልጎደለ 2 ኪሎ ነው። በዓይን የሚታየው ግዢ ግን ያው አንድ ነው። ለምን? ግዢ ከፍላጎት ብቻ አይወለድም። ከእምነትም ጭምር ነው። እምነት ስል ሃይማኖት ማለቴ አይደለም፤ ሰው ስለ ነገሩ "እንዲህ ነው" ብሎ የያዘውን ማለቴ ነው። አንዱን ሳታውቅ ሌላውን ከግዢ ማንበብ አትችልም።

ኢኮኖሚክስና የአእምሮ ፍልስፍና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በ26 ዓመቱ የሞተው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንክ ራምሴ በ1926 በጻፈው ጽሑፍ እምነትንና ፍላጎትን ከውርርድ ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። በ1950ዎቹ ዶናልድ ዴቪድሰንና ፓትሪክ ሱፐስ ስታንፎርድ ውስጥ ይህንኑ በሰው ላይ ሞከሩት። ሰዎቹን በትንሽ ገንዘብ አወራረዷቸው። የሚጣለው ዳይ (ስድስት ገጽ ያለው መጫወቻ) ላይ የነበረው ነጥብ አልነበረም፣ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ነበሩ። ይህን ያደረጉት ተወራራጁ አንዱን ገጽ ከሌላው እንዳያበልጥ ነው። እምነቱ እኩል በእኩል ከሆነ የቀረውን ልዩነት ያመጣው ፍላጎቱ ነው ማለት ይቻላል። ዴቪድሰን በኋላ ስመ ጥር የአእምሮ ፈላስፋ ሆነ። አንድን ሰው መረዳት ማለት የሚያምነውንና የሚፈልገውን አንድ ላይ መፍታት ነው የሚለው ሐሳቡ ከዚያ የውርርድ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው።

ለድሬ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጫቱ ነገር ነው። የሰፈራችን አንድ ልጅ ከአወዳይ የሚመጣውን ጫት በየቀኑ ይገዛል። በየቀኑም "ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ" ይላል። ሲናገር ፊቱን አይቻለሁ፣ ከልቡ ነው። ግዢው ግን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ከብሩ ይልቅ ጫቱን መረጠ። ሃሪ ፍራንክፈርት የሚባል ፈላስፋ በ1971 እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ ገልጾታል። ሰው ነገር መፈለግ ብቻ አይደለም፣ ስለ ፍላጎቱም ፍላጎት አለው አለ። ሐራራው ጫቱን ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ምነው ባላሰኘኝ ይላል። አጠገቡ የቆመው ሰውዬ በርጫውን ወዶ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦ የሚቅም ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት እስር በአንድ ዋጋ ይገዛሉ። ጫት ላይ ታክስ ቢጨመር ለሰውዬው ጉዳት ነው። ለልጁ ግን እገዛ ሊሆን ይችላል። ግዢውን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

አእምሮን ጨርሶ እንተወው የሚሉ አሁንም አሉ። የኢኮኖሚክስ ሰዎቹ ፋሩክ ጉልና ቮልፍጋንግ ፔሰንዶርፈር በ2008 ኢኮኖሚክስ ያለ አእምሮ ይሠራል ብለው ተከራክረዋል። ዋጋ ሲወጣ ስንት ኪሎ ይሸጣል ለሚል ጥያቄ፣ እውነት ነው፣ ብዙም አያስፈልግም። ሰዉ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ ሲባል ግን እኔ አልስማማም። ሌላው የኢኮኖሚክስ ሰው አማርትያ ሴን በ1977 እንደጻፈው ሰው አንዳንዴ ለራሱ የሚሻለውን እያወቀ ይተዋል፤ ለሌላ ሰው ብሎ፣ ወይም የያዘው ቃል ስላለ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆነን እማዬን ለምን ከአዴ እንደገዛች ጠየቅኳት። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ከተማውን ሲመታ አዴ የነበራቸው ሁሉ በጎርፍ ተወሰደ። በሳምንቱ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ትንሽ ቲማቲም ይዘው አገኘቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አዴ ካሉ፣ ከሌላ ሰው ገዝታ አታውቅም።

ከዚያ ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አየችና "የልጅቷ ግን ይሻል ነበር" አለችኝ።