«እስከ» ሲባል መጨረሻው ይገባል? በፕሮግራሚንግ ሊስት ስለመቁረጥ

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነን» ሲባል ዓርብም ይቆጠራል። «ስብሰባው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው» ሲባል ግን 5 ሰዓት ላይ ሰው ወጥቷል። እኛ ሳንነጋገር እንግባባለን። ኮምፒውተር እንዲህ አይገባውም፤ ስለዚህ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች «እስከ» ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ይቆርጣሉ።

ከሊስት (በተራ ከተደረደሩ ነገሮች ዝርዝር) ላይ የተወሰነ ክፍል ማውጣት ስላይሲንግ ይባላል። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ በተጻፈ «ከተሞች» የሚል ሊስት ውስጥ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ደሴ በተራ አሉ እንበል። ከተሞች[1:3] ብንል ጎንደርና ሐዋሳ ይመጣሉ። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፣ ቁጥር 3 ላይ ያለችው ጅማም ውጭ ትቀራለች። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ይሳሳታል።

ግን ነገሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከ3 ላይ 1 ሲቀነስ 2 ነው፤ የወጡትም ሁለት ናቸው። ከተሞች[:2] (ከመጀመሪያው እስከ 2) እና ከተሞች[2:] (ከ2 እስከ መጨረሻው) ቢቀጠሉ ደግሞ ሳይደገምና ሳይጎድል ሙሉው ሊስት ይመለሳል። የሆላንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ማስታወሻ የተሟገተው ለዚሁ አቆጣጠር ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ደግሞ ማስገባትና ማስወጣትን በምልክት ይለያሉ። ሩቢ ላይ 1..3 መጨረሻውን ያስገባል፣ 1...3 ያስወጣል። ነጥብ ሲጨመር ዕቃ ይቀነሳል ማለት ነው! ስዊፍት ላይ ሦስት ነጥብ ያስገባል፤ ለማስወጣት ..< ይጻፋል። ረስት ደግሞ በሁለት ነጥብ ያስወጣል፣ በ..= ያስገባል። ሲ ሻርፕ በ2019 ሁለት ነጥቡን ሲጨምር ማስወጣቱን መርጧል።

የተቆረጠው ነገር ቅጂ መሆን አለመሆኑም ይለያያል። ፓይተን አዲስ ሊስት ይሰጣል። «ጎ» በሚባለው ቋንቋ ግን ቁራጩና ዋናው አንድ ማስቀመጫ ይጋራሉ፤ ቁራጩ ውስጥ ያለውን ስትቀይር ዋናውም አብሮ ይቀየራል።

በአማርኛ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ማስቀመጫ መለኪያ) ይይዛል። የፓይተን ሦስተኛው ስሪት የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ «ሰላም»[0:2] «ሰላ» ይሆናል። ጎ የሚቆጥረው በባይት ነው፤ [0:2] ሲባል «ሰ»ን ራሷን ሳይጨርስ ይቆርጣታል፣ ስክሪኑ ላይም ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። ረስት በዚህ ቦታ ፕሮግራሙን ጭራሽ ያቆመዋል። ጎ ላይ ጽሑፉን መጀመሪያ «ሩን» ወደሚባለው ዓይነት ቀይሮ መቁረጥ ነው፤ ያኔ «ሰላ» በትክክል ይወጣል።