ክሮም ምንድን ነው? የአሮጌ መኪና ስፖኪዮና ፓራውልት ስናድስ ማወቅ ያለብን

የድሮ ቮልስ ፓራውልት ፊት ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፍንጫ ይሰፋል፣ ሰማዩ ይጎብጣል፣ መንገዱ በሙሉ እዚያች ውስጥ ይገባል። ታዲያ ያ ፓራውልት ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ባለቤቱ "ክሮሙ ዛገ" ይላል። ክሮም ግን አይዝግም። የሚዝገው ከስሩ ያለው ብረት ነው። አሮጌ መኪና ለማደስ ስትነሱ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፤ ብዙ ዕቃ የሚበላሸው ይህን ባለማወቅ ነው።

ክሮም የክሮሚየም አጭር ስም ነው። ክሮሚየምን እ.ኤ.አ. በ1797 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ነው። ስሙ "ቀለም" ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ውህዶቹ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም ይሆናሉ። መኪና ላይ የገባው ግን በጣም ዘግይቶ፣ በ1920ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የመኪና ጌጥ በኒኬል ይለበጥ ነበር። ኒኬል ያምራል፤ ነገር ግን እየቆየ ይደበዝዛል፣ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሁልጊዜ ወልውሉኝ ይላል። ክሮም የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው።

ፓራውልት ሲሠራ እንዲህ ነው። ብረቱ መስታወት እስኪመስል ይወለወላል። ከዚያ ኬሚካል በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ ኒኬል፣ በመጨረሻ ክሮም ይለብሳል። የክሮሙ ንጣፍ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንዲት የራስ ፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ ትወፍረዋለች። ስለዚህ የምናየው ብልጭታ በአብዛኛው የኒኬሉና የውልወላው ሥራ ነው። ክሮሙ ያንን ብልጭታ የሚጠብቅ ጠንካራ፣ ትንሽ ሰማያዊ የሚል ስስ ሽፋን ነው። ይህን ጌጥ "ኒኬል" ብሎ የሚጠራ ሽማግሌ መካኒክ ካጋጠማችሁ አታርሙት፤ ያለው እውነት ነው።

ይህ ስስ ሽፋን በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት። ጠጠር ሲመታው ደግሞ ከስሩ ያለው ኒኬልም ይበሳል። በቀዳዳው ውሃ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ልባጡንም ከስር ያነሳዋል። ከላይ የምታዩት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ናት፤ ጉዳቱ ግን ከስር ሰፍቷል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ማግኔት ያዙ። ማግኔቱ ከያዘ ከስር ያለው ብረት ነው። ካልያዘ አሉሚኒየም፣ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ወይም ዚንክ ሊሆን ይችላል። በጎንና በመስኮት ዙሪያ የሚሄደው ቀጭን ጌጥ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ክሮም አይደለም። ስቴንለስ ከሆነ ጉድጓዱን ከውስጥ ቀስ አድርጎ በመዶሻ ማቅናትና መወልወል ይበቃል።

የብረቱን ዝገት ለማንሳት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ውሰዱ። ፓራውልቱን አስቀድማችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት፤ አሸዋ ከቀረበት ትፍቁታላችሁ። ፎይሉን ጨምድዱት፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሳትጫኑ በክብ በክብ አሹ። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል። በጨርቅ ስትጠርጉት ቡናማው ጠፍቶ ብልጭታው ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ዓይንን ማመን ያስቸግራል። አሉሚኒየም ከክሮም በጣም ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም። ቀዳዳዎቹ ግን አሁንም አሉ። አድርቁና ሰም ቀቡት፤ በየጊዜውም ድገሙት፣ አለዚያ ዝገቱ ይመለሳል።

ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉት። በረኪናም አይሆንም። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድማ ክሮሙን ራሱን ያሟሟዋል። ደግሞ እባካችሁ የብር ቀለም አትንፉበት። ዝገቱ ከስር ሥራውን ይቀጥላል፣ በኋላ ላድሰው ለሚል ሰውም ድካም ትጨምሩበታላችሁ።

ስፖኪዮ ላይ ነገሩ ይለያል። የብዙ አሮጌ መኪኖች የስፖኪዮ እግርና የበር እጀታ በቅርጽ ከፈሰሰ ዚንክ የተሠሩ ናቸው። ዚንክ ቡናማ ዝገት አያወጣም፤ እንደ ብጉር ያብጣል። ብጉሩ ሲፈነዳ ከስሩ ነጭ ዱቄት ታገኛላችሁ። ይህ በፎይል አይድንም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ተጠርጎ መሞላትና እንደገና መለበጥ አለበት። ዚንክ በአሲድ ቶሎ ስለሚበላ ዕቃውን ለለባጩ ስትሰጡ ዚንክ መሆኑን ንገሩት።

መስታወቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከብርጭቆው ጀርባ ያለው የብር ሽፋን እርጥበት ሲደርሰው ከዳር ጀምሮ ይጠቁራል። ጥቁሩ ከፊት በማጽዳት አይለቅም፤ ብርጭቆው መለወጥ አለበት። ከመለወጣችሁ በፊት ማስመሪያ በጠርዙ አቁማችሁ መስታወቱ ላይ አሳርፉ። በሙሉ ከገጠመ ዝርግ ነው፤ መስታወት ቤት ወስዳችሁ በድሮው ልክና ውፍረት አስቆርጡ። ማስመሪያው መሃል ላይ ተደግፎ ከተወዛወዘ ግን መስታወቱ ጎባጣ ነው። በዝርግ ብትተኩት የምታዩት መንገድ ይጠብባል፣ በጎን የሚመጣውን መኪናም ላታዩት ትችላላችሁ።

ልባጡ ተልጦ ካለቀ እንደገና ማስለበጥ ነው። ውድ ነው፤ ምክንያቱ ክሮሙ አይደለም፣ የእጅ ሥራው ነው። አሮጌው ልባጥ ይነሳል፣ ብረቱ ይቃናል፣ ይወለወላል። ክሮም ምንም አይደብቅም፤ ከስሩ የቀረች ጭረት ሁሉ ከላይ ትታያለች። ስለዚህ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው ሳይለበጥ፣ ተወልውሎ ብቻ እያለ ሄዳችሁ በብርሃን እዩት።

ይህን ሥራ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። በተለመደው የክሮም ገንዳ ውስጥ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል፤ ጉም ሆኖ ከገንዳው ሲነሳ ሠራተኛው ይተነፍሰዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ለጌጥ የሚሠራው የዚህ ዓይነት ልባጥ ደረጃ በደረጃ እንዲቆም የወሰነው ለዚህ ነው። ትራይቫለንት በሚባለው ሌላ የክሮሚየም ዓይነት የሚሠራው ልባጥ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። መልኩ ትንሽ ጠቆር ሊል ስለሚችል ከድሮው ፓራውልት አጠገብ ልዩነቱ ይታያል። ለእኔ ግን ገንዳው አጠገብ የሚቆመው ሰው ሳንባ ከመልኩ ይበልጣል።

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ አሮጌ ፓራውልት ስትመርጡም ዓይናችሁ ፊቱ ላይ ብቻ አይቅር። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ፣ ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ዙሪያ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ። ጭቃና ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። እየተፈረፈረ ከወደቀ ተዉት፤ ጀርባው ጤነኛ ከሆነ ግን ፊቱ ቢደበዝዝም ግዙት።