የግል ዕጩ በጎጃም፦ ያለ ፓርቲ ድጋፍ የማሰባሰብ ነገር

የግል ዕጩ የሚባለው በፓርቲ ሳይሆን በራሱ ስም ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የለውም። አበል የሚከፈለው ካድሬ የለውም። ፖስተሩን እንኳ የሚያሳትመው ከኪሱ አውጥቶ፣ አለዚያም ወዳጅ ዘመድ አስቸግሮ ነው። ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ይሁን ቢቸና፣ በዚህ መንገድ ልወዳደር ብሎ ለተነሳ ሰው ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱለት ጥያቄ "ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ኋላ ቀር የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። ፓርቲ የሌለው ሰው ነገ ቃሉን ቢያጥፍ ማንን ይዘን እንጠይቃለን ማለታቸው ነው፤ አባቱን፣ አጎቱን ወይም የክርስትና አባቱን ካወቁ ዋስ አገኙ። ያለ ፓርቲ የሚወዳደር ሰው ድጋፍ አሰባሰበ ሲባል፣ ዋስ የሚሆኑት ሰዎች አገኘ ማለት ነው።

ሕጉ በሩን አልዘጋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ይሰጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162ም የግል ዕጩን ያውቀዋል። ዕጩው 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ መራጩ 18። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ይህ ለግል ዕጩ ተስፋ ነው፤ ስድስት ሰው ተወዳድሮ ድምፁ ከተበታተነ በ25 ከመቶም ማሸነፍ ይቻላል። ችግሩ ያው ስሌት ለሁሉም መሥራቱ ነው።

እንደ አዲስ ነገር ቢወራም፣ በኢትዮጵያ የፓርላማ ምርጫ ሲጀመር ሁሉም ተወዳዳሪ የግል ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ተወዳዳሪው ግን ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ሜዳው ለባለ ርስትና ለሹም ቤተሰብ ያደላ ነበር። ያ ምክር ቤት በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን መሬት ለመለካትና ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ ሰበብ አድርጎ ስላየው በደጋ ዳሞት፣ በሞጣና በሌሎችም ቦታዎች አመፀ፤ መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ከሹመታቸው ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። የመረጥነው ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ምን ያጸድቅብናል የሚለው ጥርጣሬ እንግዲህ የትናንት አይደለም። በደርግ ዘመን የ1979ኙ የሸንጎ ምርጫ የአንድ ፓርቲ ነገር ስለነበረ አልፈዋለሁ።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ በግል ያሸነፉት ጥቂት ናቸው። በ1997 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከደምቢ ዶሎ ገቡ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን መቀመጫ ሲጠቀልሉ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ከቦንጋ ያዙ። በ2013 ደግሞ አራት የግል ዕጩዎች አለፉ። ነጋሶ የቀድሞ ርዕሰ ብሔር፣ አሸብር ሐኪም ነበሩ። ሁለቱም ቅስቀሳ ሳይጀመር ሕዝብ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ዋናው ፈተና የድጋፍ ፊርማ ነው። በ2013 በኮቪድ ምክንያት ግዴታው ተነሳ እንጂ፣ በደንቡ ዕጩ ለመሆን የምርጫ ክልሉ ነዋሪዎች ፊርማ ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ገጠር ሲወርድ ግን ፊርማ ሰብሳቢው ቅጹን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የቀለም ሰሌዳውን ኪሱ ከቶ፣ ከጎጥ ጎጥ በእግሩ ይዞራል። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤ ከዚያ ጣቱን በሣር ይጠርግና "ይኸ ወረቀት የት ነው የሚሄድ?" ይላል። ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ ያልያዘ ሰብሳቢ ቀጣዩ ቤት ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይነሳም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲከፋፈል፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራርነት ያገለገሉ ሰዎች "ቢሮክራት" ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት ነው የተተወላቸው። ጎጃም ይህን አልረሳም። ስም አንዴ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ዘመን ሲለወጥ መሬት ያስወስዳል ብሎ የሚያምን ገበሬ እንዴት በቀላሉ ይፈርም? ማዳበሪያውም፣ የመሬት ደብተሩም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም በቀበሌ በኩል ነው የሚያልፈው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ጦርነት አለ፤ በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታውጆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው መሰብሰብ ራሱ ያስጠረጥራል። የስም ዝርዝር የያዘ ወረቀት በአንዱ ወገን ኬላም በሌላውም ሊያስይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ በጎጃም ስለ ግል ዕጩ ማውራት በአብዛኛው ሰላም ሲኖር ስለሚሠራበት መንገድ ማውራት ነው።

መንገዱ ታዲያ በማን በኩል ነው? በዕድር ዳኛው፣ በሰንበቴው፣ በማኅበሩ፣ ደም ሲያስታርቁ በኖሩት ሽማግሌዎች በኩል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ውስጥ መቀስቀስ ክልክል ነው፤ ግን ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚወራውን ማን ይከለክላል። ሌላው ጣጣ ግብዣ ነው። ሽማግሌ ጠርቶ ጠላና አረቄ አለማቅረብ ነውር ነው፤ ዕጩው ራሱ ካቀረበ ደግሞ ድምፅ ገዛ ይባላል፤ ሕጉም አይወድለትም። ብልሆቹ ደጋሽ ሳይሆኑ እንግዳ ሆነው ይሄዳሉ፦ ጎረቤት ለራሱ ጉዳይ ሰው ሲጠራ ሄዶ መቀመጥ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ደቦ ላይ አብሮ ማጨድ። ይህ ግን ለሦስት ወር ሲደረግ ያስቃል። ዓመት ሙሉ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምርጫ ዋዜማ ድንኳን ለድንኳን ሲዞር ሹመቱን ለመብላት እንደፈለገው ሁሉም ይገባዋል፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውንም ተረት ጆሮው እየሰማ ይተርቱበታል።

ብዙዎቹ የሚስቱት ሴቶቹን ነው። ወንድ ዕጩ ከወንድ ሽማግሌ ጋር ሲጨባበጥ ይውልና ግማሹን መራጭ ዘንግቶ ይገባል። የሴቶቹ ጽዋ ማኅበር፣ የወፍጮ ቤቱ ወረፋ፣ የውኃው መንገድ፣ ወሬ በፍጥነት የሚዞረው በእነዚህ ነው፤ ማይክራፎን አያስፈልገውም። እዚያ የሚገባለት እህት ወይም አክስት የሌለው ዕጩ ግማሽ ዘመቻ ነው ያለው።

የምርጫ ምልክቱም ቀልድ አይደለም። ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት እንደነበረ ያላነበበ ሰው ሳይቀር ያስታውሳል፤ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይም ብዙው ሰው የሚፈልገው ስዕሉን ነው። የግል ዕጩው ምልክት ግን ከአንድ ምርጫ አይዘልም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለቆላውም ለደጋውም ማስተማር አለበት። ንግግሩ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ዋሸራ ያሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ከአድማጩ መካከል ቅኔ የተማረ አይጠፋም፤ ባዶ ተስፋ የሰጠ ሰው ማምሻውን በሁለት ስንኝ ተሰፍቶ ይቀራል።

ከዚያ ወቅቱ አለ። ያለፉት ምርጫዎች በግንቦትና በሰኔ ነው የተካሄዱት፤ የ2013ቱ ሰኔ 14 ነበር። ገበሬው በእርሻ ተወጥሯል፣ ዝናቡ መጥቷል፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል። ቀን ሰው አይገኝም። የሚገኘው ምሽት ላይ በሬ ከተፈታ በኋላ ወይም በዓል ሲሆን ነው፣ ያውም በዓሉን የሚያከብሩት ከሆነ። መኪና ያለው ፓርቲ በአንድ ቀን የሚያዳርሰውን የግል ዕጩው ሳምንት ይፈጅበታል። ቅስቀሳው ደግሞ ከድምፅ መስጫው አራት ቀን በፊት ያቆማል።

መጨረሻ ላይ ብዙዎችን የሚያደክመው ታዛቢ ነው። በ2007 በአገሪቱ ከ40,000 በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ለ547 ቢካፈል ለአንድ ምርጫ ክልል ከ70 በላይ ይደርሳል። በእያንዳንዱ አንድ የሚታመን ሰው ለማስቀመጥ ከ70 በላይ ሰው፣ ለእያንዳንዱም ምሳና ትራንስፖርት፣ ለብዙዎቹም ከሌሊት ተነስቶ የሚሄዱት የእግር መንገድ አለ። ፓርቲው ከመዋቅሩ ይመድባል። የግል ዕጩው የሚመድበው ፊርማ ሲያሰባስቡለት ከነበሩት መካከል ነው፤ ቆጠራው እስኪያልቅ አምሽተው፣ በራፉ ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልክ ፎቶ አንስተው የሚልኩለት እነሱ ናቸው። ታዛቢ ያላስቀመጠበትን ጣቢያ ውጤት የሚያውቀው ሌሎች ሲነግሩት ነው።