የእድር ዳኛ

የእድር ዳኛ ማለት ጎረቤቶች ወይም የሥራ ባልደረቦች በለቅሶና በቀብር ለመረዳዳት ያቋቋሙትን ማኅበር የሚመራ ሰው ነው። አሁን አሁን ብዙ ቦታ «ሰብሳቢ» ወይም «ሊቀመንበር» ይሉታል። የቆየው ስም ግን ዳኛ ነው። ለእኔም ሥራውን በደንብ የሚገልጸው እሱ ነው። የተጣላ እድርተኛ ሲኖር አስታራቂው እሱ ነዋ።

እድር በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ የገባ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነበር። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ያለው ጎረቤት ነው። ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በኋላ እድር ይበልጥ ተስፋፋ፤ ዛሬ ያለ እድር ሰፈር ማሰብ ይከብዳል።

ዳኛውን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ጠባቂና ተቆጣጣሪም አብረው ይመረጣሉ። ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። ለዚህም ይመስለኛል፣ ሰው ሲጠቆም «ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ሌላ ፈልጉ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሰፈሩ ደግሞ የሚለምነው ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለውን ሰው ነው።

የዳኛው ሥራ የሚታየው ሰው የሞተ ለት ነው። ሌሊት በሩ ይንኳኳል። ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ንብረት ጠባቂው ይቀሰቀሳል፣ እቃ ቤቱ ይከፈታል፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ይወጣል። ሊነጋጋ ሲል ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ጠዋት ሰው ሲመጣ ድንኳኑ ቆሟል። ቢሮው ውስጥ ሰው የሚታዘዝለት ኃላፊ፣ እዚህ ከሊስትሮው ጋር የድንኳን ገመድ ይጎትታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ዳኛው ራሱ ቢቀር እንደማንም መቀጮውን ይከፍላል።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። መዋጮ በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ይሰበሰባል። ከባንክ ብር ለማውጣት የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም። ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር ይቆጠራል። ማንም እድርተኛ እጁን አውጥቶ «ይሄ ብር የት ገባ?» ማለት ይችላል። ጥሩ ዳኛ ጥያቄውን እንደ ስድብ አይወስደውም፤ መዝገቡን ገልጦ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው መዋጮ ያቃተው ሰው ጉዳይ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ይህን ያህል ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ዳኛው ደንቡን እንዳላየ ማለፍ አይችልም፤ ሌላውም ነገ መክፈል ይተዋላ። ስለዚህ አስተዋዩ ዳኛ ያልከፈለው ሰው ስም በጉባኤ ከመነበቡ በፊት ማታ ሰውየው ቤት ይሄዳል። ቡና ይጠጣል፣ ችግሩን ይሰማል። ከዚያ ለኮሚቴው «ጊዜ እንስጠው» ብሎ ይለምንለታል። ሰውየው የሰው ፊት ሳይገርፈው ይተርፋል።

እድር ከቀብር አልፎ የሄደበት ጊዜም አለ። ኤች አይ ቪ ቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ዘመን ብዙ እድሮች ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም እድር አላቸው፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ አንዱ ትልቅ ሥራቸው ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ እድርተኛው ይበታተናል። ብዙዎች ኮንዶሚኒየም ገብተውም የድሮ እድራቸውን አልለቀቁም፤ ታክሲ ቀያይረው ለቀብር ይመጣሉ። የጡሩምባው ድምፅ እዚያ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሲሞት ዳኛውና ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ይቀመጡና አንድ በአንድ ይደውላሉ።