ፓሪስ ላይ ለመዝፈን የንጉሥ ፈቃድ?

የድሮው የኦፔራ «ፕሪቪሌጅ» ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ባጭሩ ንጉሡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጠው የሞኖፖል ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለሙዚቃ ደራሲው ሉሊ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ፈቃድ ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሆነ ቲያትር ማሳየት ክልክል ሆነ።

ዱላው ያረፈው ተራው ሕዝብና መኳንንቱ አብረው በሚጋፉባቸው የገበያ ቲያትሮች ላይ ነው። ፈቃዱን የያዘው የኦፔራ ቤት መዝፈን ከለከላቸው፣ የንግግር ቲያትር ሞኖፖል የያዘው የንጉሡ ቲያትር ቤት ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ መነጋገር (ታዲያ ምን ቀራቸው?)። እነሱ ግን መላ አላጡም፤ ግጥሙን በትልቁ ጽፈው ከመድረኩ በላይ ይሰቅላሉ፣ ሙዚቀኞቹ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ይጀምራሉ፣ ተመልካቹ ራሱ ይዘፍናል! ተመልካቹን ማን ይከሰዋል?

በ1791 አብዮቱ ሞኖፖሉን ሻረው። ናፖሊዮን ግን በ1807 የፓሪስን ቲያትሮች ወደ 8 ቀንሶ ቁጥጥሩን መለሰው፤ የፈቃዱ ሥርዓት እስከ 1864 ቆየ።