አንኮበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በሰሜን ሸዋ ያለች ትንሽ የገጠር ወረዳ ናት። የቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እንደመሆኗ ስሟ ከመጠኗ እጅግ የገዘፈ በመሆኑ ያላያትም ሰው የሚተርክላት ነገር አያጣም፤ ከሚተረከው ግን ጥቂት የማይባለው ከታሪኳም ከመልክዓ ምድሯም ጋር አይስማማም። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንኮበርን የቆረቆሯት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የተወለዱትም እዚያው ነው።»

ሁለቱም ስህተት ነው። አንኮበርን መቀመጫቸው ያደረጓት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሸዋን የገዙት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ሲሆኑ፣ ምኒልክ ሲወለዱ ቦታዋ ብዙ ትውልድ ያስተናገደች መናገሻ ነበረች። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ነው። ስህተቱ የመጣው፣ በ1865 አፄ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው ከመቅደላ አምልጠው የአያቶቻቸውን ዙፋን ሲይዙ ስማቸው ከአንኮበር ጋር አብሮ ስለተነሣ ይመስለኛል። ስለ ቦታዋ ስም የሚነገረው አፈ ታሪክም ከምኒልክ ዘመን የራቀ ነው፤ «አንኮ» የአንዲት የኦሮሞ ባላባት ሴት ስም እንደሆነ፣ «በር» ደግሞ ወደ ደጋው መግቢያውን እንደሚያመለክት ይተረካል። ትረካው እውነት ሆነም አልሆነ፣ «በር» የሚለው ቃል የቦታዋን ጠባይ በትክክል ይገልጻል።

«አንኮበር እንደ ዛሬዋ አዲስ አበባ ቋሚ ዋና ከተማ ነበረች።»

የሸዋ ገዢዎች በአንድ ግቢ ተቀምጠው አያውቁም። ከ1813 እስከ 1847 የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ አንጎለላንም መቀመጫቸው አድርገው ነበር፤ ግቢው፣ ሠራዊቱና ባለሟሉም አብሮ ይጓዝ ነበር። አንኮበር በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ሆና ቆላውንና የባሕሩን መንገድ ስትጠብቅ፣ አንጎለላ በምዕራቡ ሜዳ ላይ ሆና ለዘመቻ መነሻ ታገለግል ነበር።

«አንኮበር ወደ አፋር መውረጃው ላይ ስላለች ሞቃት ቆላ ናት።»

ከከተማዋ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የሚታየው በእርግጥ የአዋሽ ቆላ ነው፤ ቆማ የምትመለከተው ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ፣ ብርድና ጉም ከማይለየው የደጋ ጠርዝ ነው። ከአፋፉ በስተ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በበሬሳና በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ በስተ ምሥራቅ የሚዘንበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ገብስ ከሚዘራበት አገር ማሽላ ወደሚበቅልበት ለመድረስ በእግር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይፈጅም። የአንኮበርን ንግድ የፈጠረውም ይኸው ነው፤ ደጋውና ቆላው እንዲህ ተቀራርበው ሳለ አንዱ የሌላውን ምርት የሚፈልግ ሕዝብ በመካከላቸው ገበያ ማቆሙ አይቀርም።

«በተራራ የተከበበችና ከዓለም የተቆራረጠች ነበረች።»

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ አባባል ነው። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በዛሬዋ ጅቡቲ ከሚገኘው ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የሲራራ ንግድ መድረሻ ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሪውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር፤ ጨርቅና ጨው ይገባባታል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣባታል። ታሪኳን ማሳመር የሚፈልጉ ሰዎች ሲዘሉት ብሰማም፣ በዚሁ መንገድ ባሪያዎችም ይነዱ ነበር። የውጭ አገር ሰዎችም በዚሁ በር ነው የገቡት። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 መጥቶ እስከ 1842 በሸዋ ቆየ፤ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የመራው የብሪታንያ መልእክተኛ ቡድን በ1841 ደርሶ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በ1843 ደግሞ በፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር በኩል ከፈረንሳይ ጋር ተመሳሳይ ውል ተደረገ። ንጉሡ ከእነዚህ እንግዶች የሚሹት በተለይ ጠመንጃ ነበር።

«ያዳከማት ጦርነት ነው።»

ጦርነት አልነካትም ለማለት አይቻልም፤ በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ የ11 ዓመቱ ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ የተወሰዱት ከዚህ አገር ነው። ሆኖም መናገሻነቷ የቀረው በጦርነት ሳይሆን፣ ምኒልክ ኃይላቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ መቀመጫቸውን መጀመሪያ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ወዳለችው ልቼ፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም በ1886 ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ በማዛወራቸው ነው። ንግዷን የወሰደባት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1887 ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ የባሕሩ ንግድ ወደ ሐረርና ጅቡቲ መንገድ ዞረ፤ የባቡር ሐዲዱም በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በአልዩ አምባ በኩል ግመል መንዳት ለትልቅ ነጋዴ የማያዋጣ ሆነ።

«ልት ማረፊያ የፋሺስት ወረራ ቅሪት ነው።»

አይደለም። በአንኮበር አቅራቢያ ያለውን ይህን ቦታ ለጣሊያን ጂኦግራፊያዊ ማኅበር የጥናት ጣቢያ እንዲሆን በ1870ዎቹ የሰጡት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው። የቡድኑ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞተው እዚያው ተቀብረዋል።

«በአንኮበር ስም የተሰየመችው ወፍ ከአንኮበር በቀር የትም አትገኝም።»

ይህች በገደል አፋፍ የምትኖር ትንሽ ዘር በል ወፍ በ1979 በሳይንስ ስትመዘገብ በእርግጥ ከዚህ አካባቢ ውጭ አትታወቅም ነበር፤ ኋላ ግን በስሜን ተራሮችም ተገኝታለች። የኢትዮጵያ ብርቅዬ መሆኗ እንዳለ ነው።

«የዛሬዋ ከተማና የነገሥታቱ አንኮበር አንድ ቦታ ናቸው።»

የወረዳው መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት ጎረቤላ በምትባለው ከተማ ነው፤ የነገሥታቱ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ደግሞ ከእርሷ ተለይቶ ለብቻው የቆመ ነው። ጎረቤላ ላይ ከመኪና ወርዶ «ቤተ መንግሥቱ የታለ?» የሚል እንግዳ ገና የሚሄደው መንገድ አለው፤ ኮረብታው ላይ ሲወጣም ከአሮጌው ግቢ የሚያገኘው በአብዛኛው የድንጋይ አጥር ቅሪት ነው። ዛሬ እዚያ ላይ የሚታየው ያማረ ሕንፃ በኋላ ዘመን የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው።